ቤቱ የማን ነው? በግዢ፣ በጋብቻ፣ በውክልናና በውርስ ላይ የሚጠፉ መብቶች

ለአንድ የአዲስ አበባ ዕድር አባላት በጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ የቀረበና ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድሩ ሊቀ መንበርና የሥራ አመራር አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ስለ ሕግ እንድናገር ስትጠይቁኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ተዋችሁልኝ። በአነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ብዙ ዓይነት ጉዳይ ያያል፤ ብድር፣ ፍቺ፣ ኪራይ፣ የሥራ ክርክር፣ የመኪና አደጋ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ የተባለው አብዛኛው ክርክር ዞሮ ዞሮ አንድ ቤት ላይ ያርፋል። የከተማ ሰው የዕድሜ ልክ ድካሙ የሚጠራቀመው ቤቱ ላይ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ፣ ወንድምና እህት ሲካሰሱ፣ አበዳሪ ተበዳሪውን ሲከስ የመጨረሻው ጥያቄ «ቤቱ የማን ነው?» የሚለው ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ አንድን ቤት ከተገዛበት ቀን አንሥቼ ባለቤቱ እስከሚሞትበት ቀን ድረስ እከተለዋለሁ።

ይህን ጉዳይ በተለይ ለዕድር አባላት መናገር የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥሎ ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ድንኳኑ ሳይነሣ የሚጀመረውን ጉርምርምታ የምትሰሙት፣ «ከአርባው በኋላ እንነጋገራለን» ሲባል የምትገላግሉት እናንተ ናችሁ። በእኔ እምነት መብት የሚጠፋው በአብዛኛው ፍርድ ቤት ከመደረሱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሁሉም በተስማማበትና ማንም ክፉ ባላሰበበት ቀን ነው። ዳኛው ከዓመታት በኋላ የሚያየው በዚያ ቀን የተጻፈውን ወይም ሳይጻፍ የቀረውን ወረቀት ነው።

ከግዢው ልጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በአንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ይህን ሥራ በአዲስ አበባ የሚሠራውን መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ዛሬም በቀድሞ ስሙ «ውልና ማስረጃ» ይለዋል። በተግባር የምናየው ግን ሌላ ነው። ደላላው ያዘጋጀው ሁለት ገጽ ውል አለ፤ ሻጭና ገዢ ፈርመዋል፤ ሦስት ምስክሮች አሉበት፤ ቀብድ ተከፍሏል፤ ቁልፍ ተረክቧል። ገዢው ገብቶበት ግቢውን አጥሮ፣ ሰርቪስ ቤት ጨምሮበት ዓመታት ይኖራል። ከዚያ የቤቱ ዋጋ ሲንር ሻጩ ወይም የሻጩ ወራሾች «ውሉ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም» ብለው ይመጣሉ።

በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለን የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ ላይ የሰጣቸው ውሳኔዎች አሉ፤ የሰበር የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ችሎቱ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወስኗል፤ በኋላ በተሰጠ ውሳኔ ደግሞ ሻጩ ውሉ መደረጉን ካመነ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው አስረድቷል። ይህ ማለት የገዢው መብት በሻጩ ህሊና ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ሻጩ ሐቀኛ ሆኖ እንኳ ቢሞት፣ ውሉን የሚያምኑለት ወይም የሚክዱት ልጆቹ ናቸው።

ከዚህ የባሰው የውክልና ሽያጭ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው እንዳይሸጥ የሚከለከልበት ዘመን ስላለ፣ ገዢና ሻጭ ክልከላውን ለማለፍ ሽያጩን በውክልና ያደርጉታል፤ ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ገዢው «ይሽጥ፣ ይለውጥ፣ በስሙ ያዙር» የሚል ውክልና ይወስዳል። ገዢው በእጁ የያዘው የባለቤትነት ማስረጃ ሳይሆን የሌላ ሰው ፈቃድ ነው። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ሙሉ ዋጋውን ከፍለው፣ የቤቱን ቁልፍ ይዘው፣ በሟች ወራሾች የተከሰሱ ሰዎችን ማየት በሙያችን የተለመደ ነገር ሆኗል። ስለዚህ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ዋናውን ካርታ እዩ፤ በይዞታው ላይ ዕዳና እግድ አለመኖሩን ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አጣሩ፤ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ። ሦስተኛው ለብዙ ሰው እንደ ነውር ይታያል። «ሚስትህስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ወደ ጋብቻው ስንገባ እናየዋለን።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቤታችሁ ክልል ውስጥ ከሆነ የዚያን ክልል ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በአዋጁ መሠረት ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት የነበረና ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ውጭ በጋብቻ ዘመን የተገኘው ሁሉ የጋራ ነው። «ካርታው በእኔ ስም ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይረዳም፤ ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ሕጉ የጋራ አድርጎ ይገምተዋል። ከግል ቤት የሚገኘው የኪራይ ገቢም በጋብቻ ዘመን የጋራ ነው።

ብዙ ሰዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነጥብ አለ፤ ጥቂት ልቆይበት። አንዲት ሴት ከወላጆቿ የወረሰችውን ቤት ሸጣ በገንዘቡ ሌላ ቤት ትገዛለች እንበል። ገንዘቡ የግሏ ስለነበር አዲሱም ቤት የግሏ እንደሆነ ታስባለች፤ ይህ ሐሳብ በተፈጥሮ ስሜትም ትክክል ይመስላል። ሕጉ ግን በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው ከተጋቢዎቹ አንዱ አመልክቶ ፍርድ ቤቱ የግል ነው ብሎ ሲወስን መሆኑን ይናገራል። አቤቱታ ሳታቀርብ፣ ውሳኔም ሳታገኝ አሥራ አምስት ዓመት ብትኖርና ባለቤቷ ቢሞት፣ የባለቤቷ ወራሾች የቤቱን ግማሽ ቢጠይቁ ከባድ ክርክር ይጠብቃታል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው የሽያጭ ውልና የባንክ ማስረጃ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መገኘቱም አጠራጣሪ ነው። ይህ በትዳር ላይ መጠራጠር እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ባልና ሚስት ተነጋግረው፣ በፍቅር ዘመናቸው አብረው ሄደው ሊያስወስኑት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም ለብድር መያዣ ለማድረግ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንደኛው ብቻውን ቢሸጠው፣ ሌላው ተጋቢ ነገሩን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ግን ውሉ ከተደረገ ከሁለት ዓመት ሳያልፍ እንዲፈርስ መጠየቅ አለበት። «አይቼ ዝም አልኩ፣ ለልጆቼ ስል ታገሥኩ» የሚሉ እናቶች ወደ እኛ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ትዕግሥታቸውን አከብራለሁ፤ የሕጉ ጊዜ ግን ትዕግሥትን አይቆጥርም። ሰርግ ሳይደገስ፣ ጋብቻ ሳይፈረም እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩትን በተመለከተ ደግሞ ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ በዚያ ዘመን ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

ዋስትናና ብድርን በአጭሩ ልለፋቸው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ዋስትና ከገባችሁ የባለቤታችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል። የዋስትና ውል ከፍተኛው መጠን በጽሑፍ ካልተጠቀሰበት አይጸናም፤ ስለዚህ መጠኑ ባዶ የተተወበት ቅጽ ላይ አትፈርሙ። በብድር በኩል ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቁጥሩ ሳይለወጥ የብሩ አቅም ስለወረደ፣ ዛሬ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው ገንዘብ ከሞላ ጎደል ሁሉ በዚህ ደንብ ሥር ወድቋል። ብድር መክፈልም እንደዚሁ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የከፈለ ሰው ሁለተኛ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። በስልክ ወይም በባንክ ያስተላለፋችሁት ገንዘብ ማስረጃው ገንዘብ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አያሳይም፤ ምክንያቱን በምትጽፉበት ቦታ ላይ «ብድር» ብሎ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖርበትን ሁኔታ እንመልከት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በቤሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ዘመድ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደጋግሞ የሚመጣው ጉዳይ የሚከተለውን ይመስላል። እህት ለዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ለወንድሟ ገንዘብ ትልካለች። ወንድም ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ካርታውን በራሱ ስም ያወጣል። ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ እሷ ስላልነበረች፣ ውክልና ስላልነበረው፣ ጉዳዩን ለመጨረስ ስለቸኮለ በስሙ አወጣው። ከዚያ ያገባል። እሷ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ የወንድሟ ሚስትና ልጆች አሉ። ሚስቲቱም በበኩሏ እውነት አላት፤ በትዳሯ ዘመን የተሠራ ቤት ነው፣ ኖራበታለች፣ ሕጉም የጋራ ነው ብሎ ይገምትላታል። ካርታ የያዘ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ተብሎ በሕግ ስለሚገመት፣ እህት ይህን ግምት ማፍረስ አለባት። እጇ ላይ ያለው በተለያየ ሰው ስም፣ በተለያየ መንገድ የተላከ የሐዋላ ወረቀት ብቻ ሲሆን ቤቱን ማግኘት እጅግ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የላከችውን ገንዘብ መጠየቅ ነው፤ ያም ቢሆን ማስረጃ ይፈልጋል፣ የብሩም ዋጋ በመካከሉ ወርዷል። በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ከሁሉም ወገን ንጹሕ እንባ ይፈሳል፤ እኔን በሥራዬ ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ ጉዳይ የለም።

መድኃኒቱ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የሚደረግ ውክልና ነው። ውጭ ያለው ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ውክልናውን ይፈርማል፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በውልና ማስረጃ ይመዘገባል፤ ወንድም በዚህ ውክልና ቦታውንም ቤቱንም በእህቱ ስም ያስመዘግባል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያ ተወላጅም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት «ቢጫ ካርድ» የምንለውን መታወቂያ ካወጣ ቤት በስሙ ሊኖረው ይችላል። የውክልናውን ይዘት ደግሞ አንብቡት። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ያገለግላል፤ ለመሸጥ፣ ለመያዣ ለመስጠት፣ በስጦታ ለማስተላለፍ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልና ሰጪዎች «ሁሉንም ያካት» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ መሸጡንም መያዣውንም ስጦታውንም ሲያስጽፉ አያለሁ። ኪራይ እንዲሰበስብላችሁ ለምትፈልጉት ሰው ቤታችሁን የመሸጥ ሥልጣን መስጠት አያስፈልጋችሁም። ውክልና ስትሽሩም ለወኪሉ በስልክ መንገር ብቻውን አይበቃም፤ መሻሩን በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አስመዝግቡ።

ወደ ሞትና ውርስ ልለፍ፤ ዛሬ ከማነሣው ሁሉ ለእናንተ የሚቀርበው ይህ ነውና።

ከልምድ እንደማየው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ኑዛዜ ከሌለ ባል የሚስቱ፣ ሚስትም የባሏ ወራሽ አይደሉም። ሚስት ባሏ ሲሞት የምትወስደው ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ የሟች ውርስ ሆኖ ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል። ቤቱ ስድስት ሚሊዮን ብር ቢገመትና ሦስት ልጆች ቢኖሩ፣ ሦስቱ ሚሊዮን የእሷ ነው፤ የቀረው ሦስት ሚሊዮን ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ሆነ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ከሌሎቹ እኩል ይካፈላል፤ ለቀብሩ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ልጅ ልጅነቱ እስከተረጋገጠ ድረስ ድርሻው አይቀነስም። ልጆቹ እናታቸውን ካከበሩ ምንም ችግር አይኖርም። ካልተስማሙና ቤቱ ለመከፋፈል የማይመች ከሆነ ግን በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል፤ እናት አርባ ዓመት ከኖረችበት ግቢ የምትወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ሁኔታ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሟች ባል ግማሽ ለአባቱና ለእናቱ ይሄዳል፤ እነርሱ ከሌሉ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ፣ ከእነርሱም የሞተ ካለ ለልጆቹ ይወርዳል። አብራው ቤቱን የሠራችው ሚስት ከማታውቃቸው የባሏ የወንድም ልጆች ጋር የቤቱ የጋራ ባለቤት ትሆናለች። ይህን የሚያስቀረው ኑዛዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅ የሌላችሁ ባለትዳሮች፣ እባካችሁ፣ ይህን ጉዳይ ለነገ አትበሉት።

ኑዛዜ ስንል በሕጉ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ባለሥልጣን ወይም ዳኛ ሆኖ ሥራውን በማከናወን ላይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እዚህ ላይ ኑዛዜዎች በብዛት የሚወድቁበትን ቦታ ልንገራችሁ። ኑዛዜው መነበቡ ብቻውን አይበቃም፤ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ በኑዛዜው ጽሑፍ ውስጥ መጠቀስ አለበት፣ ቀኑም እንዲሁ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ካህን ባለበት፣ በሐቅ የተጻፈ ኑዛዜ ላይ «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈርሟል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ስለጎደለ ብቻ የሟች ፈቃድ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል። ምስክሮቹ ቀርበው «ተነቧል፣ ሰምተናል» ቢሉም ጉድለቱን አይሞሉትም።

ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚጽፈው ነው። ምስክር አያስፈልገውም፤ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መጻፍ፣ ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። ነገር ግን በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል በሚያዋውል አካል ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርዓን ውስጥ ታጥፎ ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ኑዛዜ ተናዛዡ ምንም ያህል አጥርቶ ቢጽፈው አይረዳም። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ በሁለት ምስክሮች ፊት ይነገራል። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም፤ ሕጉ የፈቀደው ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚት እና ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ መናገር ነው፤ እሱም ተናዛዡ ከተናገረው ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ካለ ያበቃል። በጣረ ሞት ላይ ያሉ አባት «ቤቱ ለትንሿ ልጄ ይሁን» ቢሉ ቃላቸው በልጆቻቸው ህሊና ውስጥ ይኖራል እንጂ በፍርድ ቤት አይጸናም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግም ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ኑዛዜ ኖረም አልኖረም፣ ወራሾች ፍርድ ቤት ቀርበው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ፤ ንብረቱና ዕዳው የተወሳሰበ ከሆነ ውርስ አጣሪ ይሾማል። ይህ ማስረጃ ወራሽነትን ያሳያል እንጂ ቤቱ የሟች መሆኑን አያረጋግጥም፤ ብዙዎች ይህን ስለማይለዩ ማስረጃውን ይዘው «ተፈርዶልኛል» ይላሉ። አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ደግሞ ብዙ ያስለፋል። የአባት ስም በካርታው ላይ «ገብረ ሥላሴ»፣ በልጅ መታወቂያ ላይ «ገ/ሥላሴ»፣ በሌላው ልጅ ፓስፖርት ላይ ደግሞ «ገብሬ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ ወራሾች ምስክር እየቆጠሩ ወራት ያሳልፋሉ። አባት በሕይወት እያለ ግን ራሱ ቀርቦ ሊያስተካክለው ይችል ነበር።

ውርስ ሳይጣራ ዓመታት ማሳለፍም አደጋ አለው። ሌላ ሰው የያዘውን የውርስ ንብረት የሚጠይቅ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ ይታገዳል። በቤተሰብ መካከል «እናታችን በሕይወት እያለች ነውር ነው» በሚል ምክንያት ነገሩ ይታለፋል። ይህን ስሜት የሚያከብር መንገድ አለ፤ ድርሻችሁን በስማችሁ አስመዝግባችሁ፣ እናት በሕይወቷ ሙሉ ትኑርበት የሚል ስምምነት ፈርሙ። እናትም ከቤቷ አትነሣም፣ የማንም መብት አይጠፋም።

በመጨረሻ ስለ እኛ፣ ስለ ጠበቆች ላንሣ። በአገራችን ጠበቃ ለረጅም ዘመን ፈቃድ አውጥቶ ለብቻው የሚሠራ ሰው ነበር፤ የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ቢሆንም እናንተ የምታውቁት ጠበቃ ዛሬም በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጸሐፊ ጋር የሚሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚነሣው ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲመጣ ነው። እናት፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ አንድ ላይ ገብተው «ውርሳችንን ጨርስልን» ይላሉ። አንድ ጠበቃ ለሁሉም መቆሙ ወጪም ይቀንሳል፣ ፍቅርም ያሳያል፤ እስከተስማሙ ድረስም ይቻላል። ታላቁ ወንድም ወጣ ሲል «ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ በጆሮ የሚናገር ከሆነ ግን ጥቅማቸው ተለያይቷል፤ የአንዱን ምስጢር ይዤ ለሌላው መከራከር አልችልም፣ የሙያው ሥነ ምግባርም ይከለክለኛል። ጠበቃ «ለሁላችሁም መቆም አልችልም» ሲላችሁ እንደ ክፋት አትቁጠሩበት። ይልቁንም ተቃራኒ ጥቅም ላላቸው ሰዎች ሁሉ «እኔ እበቃለሁ» የሚለውን ተጠንቀቁት።

ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ጠይቁ፤ ክፍያው፣ የአከፋፈሉ ጊዜ፣ ይግባኝን የሚጨምር መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። ዋና ሰነድ ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ አሳዩ። ፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ቢያናግራችሁ አልፋችሁት ሂዱ። ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች በሚሰጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠቀም ይችላሉ፤ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው አቅም የሌለው መሆኑን አረጋግጦ ያለ ክፍያ እንዲከስ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅድለታል።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን ከነመልሱ እዚህ አክዬዋለሁ፤ ለሌሎች ዕድሮችም ይጠቅማልና። አንዲት እናት «ኑዛዜያችንን ዕድሩ ካዝና ውስጥ ብናስቀምጠውስ?» ብለው ጠየቁ። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በዕድር ካዝና መቀመጡ ሕጉ ከሚፈልገው የሰባት ዓመት ግዴታ አያድነውም፤ መቀመጥ ያለበት ውል በሚያዋውለው አካል ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ዕድሩ ማድረግ የሚችለው ግን ቀላልና ጠቃሚ ነገር አለ። አባሉ ፈቃደኛ ከሆነ በአባልነት መዝገቡ ላይ ኑዛዜ መኖሩን፣ የት እንደተቀመጠና የምዝገባ ቁጥሩን መጻፍ ይቻላል፤ ይዘቱን መጻፍ አያስፈልግም። አባሉ ሲሞት የዕድሩ ጸሐፊ ይህን ለወራሾች ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በተሰበሰቡበት ይነግራል። የሥራ አመራሩ ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባው እንደሚያየው ነግሮኛል፤ ቅጹን ለማዘጋጀት እኔም ፈቃደኛ መሆኔን ገልጫለሁ።